ጊታሩ ሲሰካ የሚጮኸው አምፕ፦ ከመክፈትህ በፊት መስመሩን ጠርጥር

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። «ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። አጎቴ ከአሜሪካ ባለ 15 ዋት ቲዩብ አምፕ (በብርጭቆ ቱቦ የሚሠራ የጊታር ድምፅ ማጉያ) አምጥቶልኛል። በ120 ቮልት ስለሚሠራ ከመርካቶ በገዛሁት ስቴፕ ዳውን (ቮልት የሚቀንስ ሳጥን) ነው የምጠቀመው። ጊታሬ ሦስት ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ባለ አንድ ጥቅልል) አለው። ጊታሩን ስሰካ ዝዝዝ እያለ ይጮኻል፣ ማታ ማታ ደግሞ ይብሳል። ክሮቹን በእጄ ስነካ ይቀንሳል። ጊታሩን ስነቅለው ጸጥ ይላል። አንድ ጥገና ቤት ካፓሲተሮቹ (አምፑ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት) በሙሉ ይቀየሩ አለኝ። ጓደኛዬ የስፒናውን የግራውንድ (ከመሬት ጋር የሚያገናኘውን) ጫፍ ቁረጠው ይላል። ሌላው ስታቢላይዘር ግዛ ይለኛል። የማንን ልስማ?»

የማንንም አትስማ። ከሦስቱ ምክሮች አንዱ ገንዘብህን ያባክናል፣ አንዱ ምንም አይለውጥም፣ አንዱ ደግሞ ሊገድልህ ይችላል። ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ግን ራስህ በጻፍከው ውስጥ ግማሹ ተነግሯል።

ትልቁ ፍንጭ ጊታሩን ስትነቅል ጸጥ ማለቱ ነው። አብዛኛው የጊታር አምፕ፣ መግቢያው ላይ ጃክ (የኬብሉ ጫፍ) ሳይኖር መስመሩ በራሱ ከግራውንድ ጋር እንዲገናኝ ተደርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ ቮልዩሙን ሳትነካ ጃኩን ነቅለህ ጸጥ ካለ፣ ከመግቢያው እስከ ስፒከሩ ያለው ክፍል ጤነኛ ነው። የፓወር ሰፕላይ ካፓሲተር ሲደክም እንዲህ አይሆንም። ጊታር ኖረም አልኖረም፣ ቮልዩም ዜሮ ላይ ሆነም አልሆነም ይጮኻል። አንተ ጋ ያ የለም። ካፓሲተር በዕድሜ የሚደክም ዕቃ መሆኑ እውነት ነው፣ አሮጌ አምፕ ላይ አንድ ቀን መቀየሩ አይቀርም። ለዚህ ጩኸት ግን አሁን መክፈል የለብህም።

ጆሮህንም እንደ መሣሪያ ተጠቀምበት። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። ወፍራሙን የኢ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያዝና ምታው። ያ ጂ 98 ኸርዝ ነው። የደከመ ካፓሲተር ጩኸት 100 ኸርዝ ላይ ስለሚወድቅ ከዚያ ኖታ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሰማል፣ ከግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል። ከአየር ላይ በፒክአፕ የሚገባው ግን መሠረቱ 50 ስለሆነ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፤ ቤዝ ጊታር ላይ የወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት ማለት ነው። ትንሽ ስፒከር 50ን አሟልቶ ስለማያወጣው በዋናነት የምትሰማው ላዩ ላይ ያለውን ሻካራውን ዝዝዝ ነው። በዩቲዩብ የምታያቸው አሜሪካውያን 60 እና 120 የሚሉት የእነሱ መብራት 60 ኸርዝ ስለሆነ ነው። ቁጥሩን እንዳለ ወስደህ እዚህ ብትፈልገው አታገኘውም።

ቀጥሎ ኬብሉን ለይ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ኬብሉን አምፑ ላይ ብቻ ሰክቶ ሌላውን ጫፍ በእጁ ይዞ «ኬብሉ ነው የሚጮኸው» ይላል። ጫፉ ክፍት የሆነ ኬብል ሁልጊዜ ይጮኻል፣ አዲስም ቢሆን። ትክክለኛው ፈተና ኬብሉን ጊታሩ ላይ ሰክቶ የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ ማድረግ ነው። ጸጥ ካለ ኬብሉም የጊታሩ ጃክም (ኬብሉ የሚገባበት ቀዳዳ) ደህና ናቸው። ካልተወ ኬብሉን በሌላ ለውጥ። በሌላም ካልተወ የጊታሩን ጃክ ሳህን በካቻቪቴ ፍታና ከውስጥ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች እያቸው። ከጃኩ ውጫዊ ቀለበት ጋር የተያያዘችው የግራውንድ ሽቦ ተነቅላ ወይም በአንድ ጭራዋ ብቻ ተንጠልጥላ ብዙ ጊዜ ትገኛለች። ጊታሩ ከአምፑ ከተነቀለ ውስጡ የሚነዝር ነገር የለም። ይህን ያለ ስጋት መሥራት ትችላለህ።

አሁን የጊታሩን ቮልዩም ከፍተህ ቆመህ ቀስ እያልክ ባለህበት ዙር። ጩኸቱ በአንድ አቅጣጫ ጨምሮ በሌላው ከቀነሰ፣ ፒክአፑ ከአካባቢው መግነጢሳዊ መስክ እየለቀመ ነው። ሲንግል ኮይል ማለት ማግኔት ላይ የተጠቀለለ በሺህ የሚቆጠር ዙር ያለው ቀጭን ሽቦ ነው። የክሩን ንዝረትና የትራንስፎርመሩን መስክ ለይቶ አያውቅም፣ ሁለቱንም እኩል ይወስዳል። ይህ ብልሽት ሳይሆን ተፈጥሮው ነው። የፒክአፕ መራጩን ማብሪያ ሁለተኛ ወይም አራተኛ ቦታ ላይ አድርገውና አዳምጥ። በብዙ ዘመናዊ ጊታሮች የመሀሉ ፒክአፕ ጥቅልሉም ማግኔቱም ተገልብጦ ስለሚሠራ፣ ሁለት አብረው ሲበሩ ጩኸቱ እርስ በርሱ ይጣፋል። በእነዚህ ቦታዎች ጎልቶ ከቀነሰ የጩኸቱ ዋና መግቢያ ፒክአፑ ነው።

ክሮቹን ስትነካ መቀነሱ ያስጨነቀህ ይመስላል። አያስጨንቅህ። ሰውነትህ በመብራት ሽቦዎች መሀል ቆሞ ከእነሱ የሚመጣውን መስክ ይሸከማል፣ ያንን ወደ ፒክአፑ ያቀርባል። ክሮቹ በብሪጁ (ጊታሩ አካል ላይ በሚያርፉበት ብረት) በኩል ከግራውንድ ጋር ስለተገናኙ ስትነካቸው ሰውነትህም አብሮ ይገናኛል፣ ጩኸቱ ይወርዳል። ይህ የሚነግርህ የብሪጁ ሽቦ በቦታው መኖሩን ነው። መጠርጠር ያለብህ ስትነካ ጩኸቱ ከጨመረ ነው። ጣትህን ቆንጠጥ ወይም ነዘር ካደረገህ ግን መጠርጠርም አይበቃም፤ አምፑን አጥፋ፣ ከሶኬት ንቀል፣ ኤሌክትሪሽያን ሳያየው መልሰህ አትሰካው።

አሁን ወደ ዋናው ጥርጣሬዬ ልምጣ። ስቴፕ ዳውኑ ነው።

የአምፕህ ስፒና ሦስት ጫፍ አለው፣ ሁለት ጠፍጣፋና አንድ ክብ። ክቡ የአምፑን ብረት አካል ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ነው። ስቴፕ ዳውኑ ፊቱ ላይ ሦስቱንም የሚቀበል ቀዳዳ ይኖረዋል። አሁን ንቀለውና ወደ ግድግዳው የሚሄደውን የራሱን ስፒና እየው። ሁለት ክብ ጫፍ ብቻ ከሆነና በጎንና ጎኑ የብረት ንክኪ ከሌለው፣ የአምፕህ ግራውንድ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀርቷል። ርካሾቹ ሳጥኖች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ሦስተኛው ቀዳዳ ለይምሰል ነው፣ ከጀርባው ሽቦ የለም።

ሌላም ነገር አለ። እነዚህ ሳጥኖች በአብዛኛው ኦቶ ትራንስፎርመር ናቸው። መግቢያውና መውጫው አንድ ሽቦ ይጋራሉ፣ ከዋናው መስመር አይነጥሉህም። የእኛ ክብ ስፒና ደግሞ ተገልብጦም ይገባል። በአንዱ አገባብ የጋራው ሽቦ ኒውትራል (መመለሻው) ይሆናል፤ ሲገለበጥ ግን ፌዝ (የሚነዝረው) ይሆናል፣ ማለትም የ110 መውጫህ አንዱ ጫፍ ከመሬት አንጻር 220 ላይ ይቀመጣል። አካሉ ከመሬት ጋር ያልተገናኘ አምፕ በዚህ ጊዜ የባሰ ይጮኻል። አምፑን አጥፍተህ የስቴፕ ዳውኑን ስፒና ንቀል፣ ገልብጠህ ሰካ፣ ከዚያ አብራና አዳምጥ። ጩኸቱ ከተለወጠ ግራውንድ እንደሌለህ በጆሮህ ሰማህ ማለት ነው። ይህ ምርመራ ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም። ጸጥ ያለበትን አገባብ መርጠህ እዚያ እንዳትቆም።

ወደ ጓደኛህ ምክር። የግራውንድ ጫፍ መቁረጥ አንዳንዴ ጩኸት የሚያቆምበት ምክንያት አለው፤ ሁለት ዕቃዎች በየራሳቸው ግራውንድ ሲገናኙ የሚፈጠረውን ቀለበት ይበጥሳል። አንተ ግን አንድ አምፕና አንድ ጊታር ብቻ ነው ያለህ። የምትበጥሰው ቀለበት የለም። የምትበጥሰው ሕይወትህን የሚጠብቀውን ሽቦ ነው። የጊታርህ ክሮች በኬብሉ በኩል በቀጥታ ከአምፑ አካል ጋር የተያያዙ ናቸው። አምፑ ውስጥ ፌዝ አካሉን ከነካ ክሮቹም 220 ወይም 110 ይሸከማሉ፣ አንተም ይዘሃቸዋል። ግራውንድ ካለ ብሬከሩ ይወድቃል። ከሌለ ማይክ፣ ቧንቧ ወይም እርጥብ ወለል እስክትነካ ይጠብቃል። የስቶን ዘ ክሮውስ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 መድረክ ላይ በትክክል ከመሬት ጋር ያልተገናኘ ማይክ ነክቶ ሞተ። የያርድበርድስ ዘፋኝ የነበረው ኪት ሬልፍ በ1976 እዚያው ቤቱ ውስጥ ጊታር ሲጫወት ነው ኤሌክትሪክ የገደለው። ጓደኛህ በቅንነት እንደመከረህ አልጠራጠርም፤ ይህን ጽሑፍ አሳየው።

ስቴፕ ዳውኑ ተስተካክሎም የግድግዳህ ሶኬት ራሱ ግራውንድ ላይኖረው ይችላል። ሶኬቱ ጎንና ጎኑ የብረት ንክኪ ስላለው ብቻ ከኋላው ሽቦ አለ ብለህ አትመን። መሀል ከተማ ያሉ አሮጌ ቤቶች፣ ፒያሳ አካባቢ እንዳሉት ያሉ፣ ብዙዎቹ መጀመሪያውኑ በሁለት ሽቦ የተዘረጉ ናቸው። አዳዲስ ሕንፃዎች ላይም ሽቦው ተዘርግቶ ሳይታሰር የቀረበት ቦታ አለ። ኤሌክትሪሽያን ጥራና በሙልቲሜትር ሁለት ነገር እንዲለካ ንገረው፤ ከፌዝ ወደ ግራውንድ፣ ከዚያ ከኒውትራል ወደ ግራውንድ። የመጀመሪያው ከፌዝና ኒውትራል ልኬት ጋር የተቀራረበ መሆን አለበት፣ ሁለተኛው ጥቂት ቮልት ብቻ። የመጀመሪያው 60፣ 90 ወይም ሌላ ግማሽ ላይ የሚዋልል ቁጥር ካሳየ ግራውንዱ የትም አልታሰረም።

አንድ ነገር ላይ ጠንቀቅ በል። አንዳንድ ሠራተኛ «ግራውንድ ላውጣልህ» ብሎ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከግራውንድ ንክኪው ጋር በትንሽ ሽቦ ያገናኘዋል። ሙልቲሜትሩ ያማረ ቁጥር ያሳያል። ነገር ግን ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢላቀቅ የአምፕህ አካል፣ የፍሪጁ በር፣ የልብስ ማጠቢያው ሁሉ ፌዝ ይሆናል። ይህን እንዲያደርግ አትፍቀድለት። ከውኃ ቧንቧ ጋር ማሰርም ያው ነው። አሁን ብዙው ቧንቧ ፕላስቲክ ነው፣ ወደ መሬት አያደርስህም። ብረት ከሆነ ደግሞ ታች ፎቅ የሚታጠበውን ጎረቤትህን ነው የምታስነዝረው። ትክክለኛው ግራውንድ ከማከፋፈያ ሳጥኑ ተነስቶ መሬት ውስጥ ወደተቀበረው ዘንግ የሚወርደው ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ይህ የጋራ ሥራ ስለሆነ ከብሎኩ ኮሚቴ ጋር መነጋገር ሊኖርብህ ይችላል። ተከራይ ከሆንክም አከራይህን አስረዳ፤ ጉዳዩ የሙዚቃ ብቻ አይደለም፣ ምጣዱንና የውኃ ማሞቂያውን የሚነካ ሁሉ ጉዳይ ነው።

ማታ ማታ ለምን ይብሳል? መብራቱ ሁሉ በርቷል፣ ቻርጀሮች ተሰክተዋል፣ በየፎቁ ምጣድ ተጥዷል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ሲጨምር በዙሪያው ያለው መስክም ይጨምራል፣ ፒክአፕህም የበለጠ ይለቅማል። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖልና ዲመር (የመብራት ማደብዘዣ) ደግሞ ሻካራውን ዝዝዝ ይጨምሩበታል። የራስህን ቤት መብራቶች አንድ በአንድ እያጠፋህ አዳምጥ። ከጊታርህ አንድ ሜትር የማይርቀውን የጠረጴዛ መብራትና የስልክ ቻርጀር መጀመሪያ ሞክር፤ ብዙ ጊዜ ከእነሱ አንዱ ነው።

የሁላችንም ምሬት የሆነው የመብራት መጥፋት ለዚህ ምርመራ ይጠቅማል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የጆሮ ማዳመጫ አምፕ ካለህ ወይም መዋስ ከቻልክ፣ መብራት እያለ በዚያው ቦታ ተጫወትበት። ከሶኬት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። እሱም ከጮኸ ጩኸቱ በሽቦ ሳይሆን በአየር ነው የሚገባው፤ አምፕህን ብትቀይረው፣ ስቴፕ ዳውኑን ብትጥለው ያ ክፍል አይጠፋም። መብራት የጠፋ ዕለት እንደገና ሞክረው። ያኔ የምትሰማው ጸጥታ የጊታርህ እውነተኛ ጸጥታ ነው። ዩፒኤስ ወይም ኢንቨርተር ላይ ሰክተህ ግን አትፍረድ። የብዙዎቹ ርካሾች ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው ስለሆነ ከመብራቱ የባሰ ይጮኻሉ።

ስታቢላይዘሩስ? ጣሪያ ላይ ያለ የውኃ ታንከር ግፊቱን ይሰጥሃል እንጂ የደፈረሰ ውኃ አያጠራም። ስታቢላይዘርም ያንኑ ነው የሚሠራው፤ ቮልቱ ሲወርድ ያነሳል፣ ሲወጣ ያወርዳል። ሠፈርህ ቮልት የሚዋዥቅ ከሆነ ለአምፑ ዕድሜ ይጠቅማል፣ ለዚያ ግዛው። ለጩኸቱ ብለህ ግን አትግዛ። ውስጡ ሌላ ትራንስፎርመር ስላለ ጊታርህ አጠገብ ካስቀመጥከው ይባስ ይጨምርብሃል። ያለህንም ስቴፕ ዳውን አሁኑኑ ከምትጫወትበት ወንበር ሁለት ሜትር አርቀው። ይህ ምንም ወጪ የለውም፣ ልዩነቱን ወዲያው ትሰማለህ።

ስለዚህ የማሳስብህ ይህ ነው። ገንዘብህን መጀመሪያ ግራውንዱ ላይ አውል። ግራውንዱን ከግድግዳ እስከ አምፑ ሳይቋረጥ የሚያሳልፍ፣ ባለ ግራውንድ ስፒና ስቴፕ ዳውን ግዛ። ከመግዛትህ በፊት ሻጩ ፊት ከአምፑ በኩል ካለው ሦስተኛ ቀዳዳ እስከ ግድግዳው ስፒና የጎን ንክኪ ድረስ በሙልቲሜትር አስለካ፤ ቲት ካላለ ተወው። ዋቱን ስትመርጥ 15 ዋት የሚለው የስፒከሩ ጉልበት መሆኑን አትርሳ። አምፑ ከመስመር የሚስበው ከጀርባው ተጽፏል፣ ከዚያ እጥፍ የሚችል ሳጥን ውሰድ። የአምፑ ትራንስፎርመር ለ60 ኸርዝ የተሠራ ከሆነ 50 ላይ ትንሽ የበለጠ ይሞቃል። 110 ቮልት ስታገባለት ኮሩ (የትራንስፎርመሩ የብረት እምብርት) ላይ ያለው ጫና ከታሰበለት 10 በመቶ ያህል ይበልጣል። ብዙው አምፕ ይህን ይችለዋል። ቢሆንም ለሰዓታት አብርተህ አትተወው፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እየዳሰስክ ሙቀቱን ተከታተል። ጀርባው ላይ 50/60 ተብሎ ከተጻፈ ይህ አያሳስብህም።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የፒክአፑ ነው። ጊታሩን ከውስጥ በመዳብ ቴፕ መሸፈን ከመብራትና ከቻርጀር የሚመጣውን ሻካራ ዝዝዝ በደንብ ይቀንሳል። ቴፑ ከግራውንድ ጋር መገናኘት አለበት፣ ካልተገናኘ ጥቅም የለውም። የምግብ ፎይል የሚለጥፉ አሉ፤ ሶልደር አይዝለትም፣ መዳቡ ይሻላል። ዝቅ ያለውን የ50 ኸርዝ እምምታ ግን መዳብም ፎይልም አያቆመውም። እሱን የሚያቆመው ሁለት ጥቅልል ያለው ፒክአፕ ነው። ጊብሰን ውስጥ ይሠራ የነበረው ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ሃምበከር የሚባለውን የሠራው ይህንኑ ችግር ለመፍታት ነው። አሁን በሲንግል ኮይል መጠን የተሠሩ፣ ጊታሩን ሳትቆርጥ የሚገቡ አሉ። ድምፃቸው ትንሽ ይለያል። እኔ ብሆን የሲንግል ኮይሉን ጥራት ለጥቂት ጩኸት አልሸጠውም ነበር፣ ግን ጆሮው ያንተ ነው። ኖይዝ ጌት የሚባለው ፔዳል በኖታዎች መሀል ያለውን ጩኸት ብቻ ነው የሚዘጋው። እየተጫወትክ ሳለ ጩኸቱ አብሮህ አለ።

አምፑን ራስህ አትክፈት። ቲዩብ አምፕ ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ይኖራል፣ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ይህንን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ግራውንዱ ከተስተካከለ በኋላ ጊታር ሳይሰካ ቮልዩም ዜሮ ላይ የሚጮኽ ከሆነ፣ ያኔ ነው ጥገና ቤት የምትሄደው። ስትሄድ «ይጮኻል» ብቻ አትበላቸው። «ጊታር ሳይሰካም ይጮኻል፣ ቮልዩሙ አይለውጠውም፣ ከወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ ነው» በላቸው። የፓወር ሰፕላይ ካፓሲተሮቹን ብቻ እንዲለኩና የደከመውን እንዲቀይሩ ጠይቅ፣ አሮጌዎቹንም ተቀብለህ ውጣ።